«ወላጅህን ይዘህ ና» ከማለታችን በፊት



በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጅን ከአለንጋ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ቃል የትኛው ነው ብትሉን መልሳችን «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና» የሚለው ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣንባቸው ሳምንታት ይህ ትእዛዝ ሲሰጥ ደጋግመን ሰምተናል። አንዱ ልጅ ሲባል ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ይሄዳል። ሌላው እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ሦስተኛው «እሺ» ብሎ ይወጣና ሳምንት ሙሉ ድርሽ አይልም። አራተኛው ደግሞ በማግሥቱ እናቱን ይዞ ከች ይላል፤ ሦስት ሆነው ይነጋገራሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መልሱ ግን አራት ዓይነት ሆነ። ለምን ይሆን?

በእኛ እምነት ልዩነቱ ያለው ልጁ በዚያ ማታ በሚገባበት ቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ የዛሬው ርእሳችን የልጅ አስተዳደግ ነው። ይህ ለሥነ ልቡና ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚተው፣ ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ ጉዳይ አይደለም። ነገ እያንዳንዳችን ሃምሳ ስድሳ ልጆች ፊት እንቆማለን። ሃምሳ ልጅ ማለት ሃምሳ ቤት ማለት ነው። ሃምሳውን ቤት ሳያውቅ ሃምሳውን ልጅ አስተምራለሁ የሚል መምህር፣ የአፈሩን ዓይነት ሳያይ እንደሚዘራ ገበሬ ነው።

እስቲ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ የሚታዩትን ቤቶች በአራት ከፍለን እንመልከታቸው።

መጀመሪያው ፀጥ ያለው ቤት ነው። አባት በር ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ ልጆች ወደ ጓዳ ይበተናሉ። እዚያ ቤት ከልጅ የሚጠበቀው ቃል «እሺ» ብቻ ነው። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደ መመለስ፣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ጥፋት ሲገኝ ቀበቶ አለ፣ ጭን መቆንጠጥ አለ፣ ጥንት ደግሞ በበርበሬ ጢስ ማጠንም ነበረ። የዚህ ቤት ልጅ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተሸጉጦ ይቀመጣል። መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም፤ ቢሳሳት የሚደርስበትን ያውቃልና። ጠመኔ ተሰብሮ ሲገኝ ደግሞ ገና ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አይደለሁም!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። ውሸትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ውሸት የፍርሃት ልጅ ናት። አንዳንዱም የተቀበለውን ዱላ ይዞ ይመጣና በእረፍት ሰዓት ከእሱ ያነሰውን ፈልጎ ያወርድበታል።

ሁለተኛው «ምን ቸገረው» የሚባልበት ቤት ነው። በዚህ ቤት ልጁ አዛዥ፣ ትልልቆቹ ታዛዥ ናቸው። በከተሞቻችን ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በሀብት ብዛት አይደለም። እናት ዐረብ አገር ሄዳ ገንዘብ ትልካለች፤ አያት ደግሞ «እናቱ የሌለች ልጅ» እያሉ እንዴት ብለው ይቆጡት? አባት የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ይሆንና በወር አንድ ሁለት ቀን ብቅ ሲል የናፍቆቱን ሁሉ በስጦታ ይከፍላል። እንዲህ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ ልቡ ደግ፣ ፊቱ ብሩህ ነው። ነገር ግን ተራ መጠበቅ አያውቅም። «አይሆንም» የሚለውን ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከመምህሩ አፍ ስለሆነ መምህሩ የጠላው ይመስለዋል። አበው «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ይህን ምሳሌ ዱላን እንደሚያወድስ አንቆጥረውም፤ ወሰን ያላየ ልጅ ትንሽ ወሰን ሲያይ ዓለም የፈረሰ ይመስለዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠያቂ የሌለበት ቤት ነው። የሚመታም የለም፣ የሚያባብልም የለም። ደብተሩን የሚያይ፣ የት ዋልክ የሚል የለም። የዚህ ቤት ልጅ ቢመጣም ባይመጣም ለማንም ግድ ስለማይሰጠው «ወላጅህን ይዘህ ና» ሲባል ነቅነቅ የሚያደርገው ትከሻውን ነው። ማንን ይዞ ይምጣ?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በባቱ አካባቢ ጎህ ሳይቀድ ለአበባ እርሻ ሥራ የሚወጡ እናቶች አሉ። በአዳማ መናኸሪያ ዙሪያ ከጧት እስከ ማታ ቆሎና ሻይ የሚሸጡ እናቶች አሉ። በወንጂ ሸንኮራ ማሳ ላይ ፀሐይ የሚመታቸው አባቶች አሉ። እነዚህን «ልጆቻቸውን ችላ ያሉ» ብሎ መፈረጅ ነውር ነው። ችላ ማለት በሰዓት አይለካም። ሌሊት በ11 ሰዓት ወጥታ ማታ ደክሟት የምትገባ እናት፣ እግሯን እየታጠበች «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብላ ከጠየቀች ልጆቿ እናት አላቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ጫት ሲቅም የሚውልና ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቅ አባት ግን ቤት ውስጥ ሆኖ የለም።

አራተኛው የሚያስረዳ ቤት ነው። በዚህ ቤት ደንብ አለ፤ ደንቡም ምክንያት አለው። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውጭ አትቆይ» ይባላል። «ለምን?» ሲባል ደግሞ «መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ይበዛል፣ መብራትም የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ልጁ በኳስ የጎረቤት መስተዋት ከሰበረ አባቱ እጁን ይዞት ይሄዳል፣ ይቅርታ ያስጠይቀዋል፣ ከኪስ ገንዘቡም ለመስተዋቱ ያስዋጣዋል። ልጁ አፍሯል፣ ከፍሏል፣ ነገር ግን አልተዋረደም። በማግሥቱ እናቱን ይዞ ከች የሚለው ይህ ልጅ ነው። ወላጁን የሚያመጣው ስለማይፈራት ብቻ ሳይሆን ስለሚያምናትም ነው።

ይህን አከፋፈል እኛ ከራሳችን አላመጣነውም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሕፃናትን ጠባይ ከወላጆቻቸው አያያዝ ጋር እያነጻጸረች ሦስት የአስተዳደግ ዓይነቶችን ለየች። የመጀመሪያው በትእዛዝና በቅጣት ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው ልቅ ነው። ሦስተኛው ጥብቅ ሆኖ ሳለ ፍቅር ያለው፣ ምክንያቱንም የሚነግር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን አራተኛውን፣ ማለትም ችላ ባዩን ጨመሩበት። ምርምሩ የደረሰበት ውጤት ባጭሩ ይህ ነው፦ በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ራሳቸውን የሚገዙና ከሌላ ሰው ጋር ተስማምተው የሚኖሩ ልጆች ይበልጡን የሚገኙት ጥብቅነትና ፍቅር አንድ ላይ ካሉበት ቤት ነው።

ይህም ሆኖ ሁለት ነገሮችን መዘንጋት የለብንም። አንደኛ፣ ያ ምርምር የተጀመረው የተደላደለ ኑሮ ባላቸው የአሜሪካ ቤተሰቦች ላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው የሚያድርበትን ቤት በዚያው ሚዛን ብቻ መመዘን አይገባም። ቁጣ በበዛበት ቤት ሁሉ ፍቅር የለም ማለትም አይቻልም። ሁለተኛ፣ ልጅ ነጭ ወረቀት ሆኖ አይወለድም። ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ወንድማማቾች አንዱ ቁጡ፣ ሌላው ገራም ሲሆኑ እናያለን። አስቸጋሪ ልጅ ወላጁን ያስቆጣል፤ የተቆጣ ወላጅ ልጁን ይበልጥ ያስቸግረዋል። ስለዚህ «ልጁ እንዲህ ነውና ቤቱ እንዲህ ነው» ብለን በግምት ማኅተም አንምታ። አከፋፈሉ ለመጠየቅ ይረዳን እንጂ ለመፍረድ አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። በመኝታ ክፍላችን ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ መልስ አለ፦ «ኧረ ተዉን! እኛስ ተገርፈን አይደል ያደግነው? ይኸው ሰው ሆነናል!»

ይህን የሚሉ ጓደኞቻችንን እናከብራለን፤ ክርክራቸው ግን ጎደሎ ነው። ለምን ቢባል፣ ተገርፈው ለመምህርነት የበቁት እዚህ ስላሉ ይናገራሉ። ተገርፈው ከ4ኛ ክፍል የጠፉት፣ ከቤት ኮብልለው መናኸሪያ የገቡት፣ አፋቸው ተሳስሮ የቀረው በዚህ ክርክር ላይ ድምፅ የላቸውም። እነሱን ማን ይቁጠራቸው? ደግሞስ ሰው የሆንነው በዱላው ምክንያት ነው ወይስ ዱላው እያለም? ብዙዎቻችን በልባችን ብንጠየቅ ያቆመን ቀበቶው አይደለም። «አይዞህ፣ ትችላለህ» ያለን አንድ ሰው ነው፤ አንዳንዴ እናት፣ አንዳንዴ አያት፣ አንዳንዴ መምህር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ዋይት በአሜሪካ አገር በአይዋ የ10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸውን ወንዶች ልጆች በቡድን ከፍለው ጭምብል በመሥራትና በመሳሰሉት የእጅ ሥራዎች ላይ አሰማሯቸው። አንዱ መሪ በትእዛዝ ብቻ ይመራል፤ ሌላው ከልጆቹ ጋር እየተመካከረ ይመራል፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይተዋቸዋል። በትእዛዝ የተመሩት መሪው እያለ በደንብ ሠሩ፤ መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሥራው ወደቀ። በምክክር የተመሩት መሪው ቢወጣም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ትምህርት ሁሉ እዚህ ላይ አይደል የሚፈተነው? መምህሩ ከክፍል ሲወጣ የሚቆም ሥነ ሥርዓት ምን ሥነ ሥርዓት ነው? ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አባትና መምህር አጠገቡ አይቆሙለትም። አንድ ቀን ብቻውን ሲቀር የሚመራው በውስጡ የተተከለው ነው። በውስጡ የተተከለው ፍርሃት ከሆነ የሚያስፈራው ሲጠፋ ምግባሩም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፤ እሱም እኛን መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። ጨዋነትና ፍርሃት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከፀጥታው ቤት የመጣውን ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብለን እናመሰግነዋለን። ከሚያስረዳው ቤት የመጣው ግን «ቲቸር፣ ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ ሲጠይቅ «አፈኛ፣ ነዝናዛ» እንለዋለን። እንዲህ ካደረግን ቤቱ በደንብ ያሳደገውን ልጅ እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ መልሰን አበላሸነው ማለት ነው። ጨዋን ከፈሪ ለመለየት መንገዱ ቀላል ነው፦ ስትስቅለት ተመልከተው። ጨዋው ይስቃል፤ ፈሪው መጀመሪያ እጅህን ያያል።

አንዳንዶች ደግሞ ልጅን ያለ ዱላ ማሳደግ የፈረንጅ ነገር ነው ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። የቆምንበት ምድር ራሱ ምስክር ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ዳበሌ ይባላል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚገልጹት በቦረና በዚህ ደረጃ ያሉ ወንዶች ልጆች ጸጉራቸው አይቆረጥም፤ በታላቅ ክብርና በርኅራኄ ይያዛሉ፤ መምታት አይፈቀድም። ደረጃው እስከ 8 ዓመት ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ እንደ ዕድሜው እየጨመረ ይሄዳል። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እንግዲህ ቅርሱ ለበዓል ቀን ጭፈራ ብቻ ነው እንዴ? በውስጡ ያለውን ትምህርትስ ለምን ወደ ክፍል አናስገባውም?

ጉዲፈቻንም እንውሰድ። ቃሉ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ ዛሬ የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ራሱ ይጠቀምበታል። የጉዲፈቻ መሠረቱ ምንድን ነው? ያልወለዱትን ልጅ እንደ ወለዱት አድርጎ ማሳደግ ይቻላል የሚል እምነት ነው። ልጅን ልጅ የሚያደርገው ደም ብቻ ሳይሆን አያያዝም ነው ብሎ ያመነ ሕዝብ ስለ አስተዳደግ ከማንም ያነሰ አላሰበም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንኡስ አንቀጽ 1 (ሠ) ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በቤት በኩል ግን ሕጉ ያን ያህል አልጠበቀም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን ማንገላታትን ወንጀል ቢያደርግም፣ ለአስተዳደግ ሲባል በተገቢው መጠን የሚደረግን ቅጣት ለወላጅ ትቶለታል።

ሕግ ወጥቷል ማለት ግን ዱላው ተቀምጧል ማለት አይደለም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። በኢትዮጵያ ስምንት ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመቶ 38 ያህሉ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር በአካላቸው ላይ ቅጣት እንደፈጸመባቸው ተናግረዋል። ያውም ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ!

እንግዲህ «ወላጅህን ይዘህ ና» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ሕጉ እኛን ከመምታት ይከለክለናል። እኛ ግን ዱላውን ወደ ቤት በፖስታ ልንልከው እንችላለን። ሦስተኛው ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ የጠፋው፣ ከትምህርት የጠፋው ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ በእኛ ትእዛዝና በአባቱ ቀበቶ መካከል ሌላ መንገድ አጥቶ ነው። እኛ እጃችንን ታጥበን «እኔ አልነካሁትም» ብንል ሕጉን አከበርን እንጂ ልጁን አላዳንነውም።

ታዲያ ወላጅ አይጠራ ወይ? ይጠራ እንጂ! ነገር ግን አጠራሩ ይለወጥ። ሐሳባችንን በአራት ነጥብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ወላጅን ለጥፋት ብቻ አንጥራ። ልጁ ማንበብ ሲጀምር፣ ደብተሩን አጽድቶ ሲይዝ፣ ጓደኛውን ሲረዳም ለወላጁ እንንገር። መምህር የላከው ወረቀት ቤት ሲገባ ሁልጊዜ ክፉ ዜና የማይዝ ከሆነ ልጁ ወረቀቱን ቀዶ አይጥለውም።

ሁለተኛ፣ ከመጥራታችን በፊት ልጁን ለብቻው «ቤት ብነግር ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቀው። ዝም ካለና ዓይኑ እንባ ካቀረረ መልሱን ሰጥቶናል። እንዲህ ላለው ልጅ አባቱን ከመጥራት ይልቅ አክስት፣ ታላቅ እኅት ወይም ሰፈሩ የሚያከብረው ሽማግሌ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ወላጅ ሲመጣ ልጁን ፊቱ ላይ አናዋርደው፤ ወላጁንም አናዋርድ። ብዙ እናቶች የቀን ሥራቸውን ትተው፣ የቀኑን ደመወዝ አጥተው ነው የሚመጡት። ቆመው እንዲሰሙ ሳይሆን ተቀምጠው እንዲናገሩ ወንበር እናቅርብላቸው። «እንደ ልጅዎ ይቅጡልኝ» ካሉንም «እማማ፣ እንደ ልጄ አስተምረዋለሁ፤ እርስዎም ማታ አምስት ደቂቃ ደብተሩን ይዩልኝ» እንበላቸው። ማንበብ ባይችሉም ግድ የለም፤ ልጁ እያነበበ እሳቸው ይስሙት።

አራተኛ፣ ክፍላችንን ራሱን አራተኛው ቤት እናድርገው። የክፍሉን ደንብ ከልጆቹ ጋር ሆነን እናውጣ፤ ምክንያቱን እንንገር፤ ያጠፋው ጥፋቱን በሥራ ያስተካክል፤ ደንቡም በእኛም ላይ ይሥራ። ዘግይቶ የሚገባን ልጅ የምንቀጣ ከሆነ እኛም አንዘግይ። ቤቱ ያላስተማረውን ወሰን ሁለተኛው ልጅ ከኛ ይማር፤ ቤቱ ያልጠየቀውን ሦስተኛውን ልጅ እኛ በስሙ ጠርተን «ትናንት የት ነበርክ? ፈለግንህ» እንበለው።

ይህ ሁሉ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ያዳግታል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ያዳግታል። ዱላ የሚመረጠውም ፈጣን ስለሆነ ነው። ነገር ግን ዱላ ዝምታን ይገዛል እንጂ ዕውቀትን አይገዛም፤ ዝምታውም የሚቆየው መምህሩ እስኪወጣ ድረስ ነው። በቀን አንድ ልጅ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ግን ለማንም አያዳግትም። በሦስት ወር ስድሳው ልጅ ይዳረሳል።

አበው «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ቤቱ የመጀመሪያውን መስመር ጽፎበት ይልክልናል። መስመሩ ሁልጊዜ ያማረ አይሆንም፤ እኛም ልንፍቀው አንችልም። ከሥሩ ምን እንደምንጽፍ ግን የኛ ፋንታ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህራን እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ዲፕሎማ ከመቀበላችን በፊት በዚህ ጉዳይ ላይ በየመኝታ ክፍሉ እንከራከርበት። የተለየ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ ይጻፍልን፤ በደስታ እናነባለን።